አጥንቱ ገጥሟል፤ ጣቶቼ ግን እንቢ አሉ

ሐኪሙ ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና «በጣም አሪፍ ገጥሟል» አለኝ። ነጩን አጥንት፣ አጥንቱ ላይ የተለጠፈችውን ብረት፣ ብረቷን ይዘው የገቡትን ብሎኖች በጣቱ እያሳየኝ ነበር የሚያወራው። እውነቱን ለመናገር ሥራው ያምራል። እኔ ራሴ ከብሎን ጋር የምውል ሰው ስለሆንኩ ቀጥ ብሎ የገባ ብሎን ሳይ ደስ ይለኛል።

ከዚያ «እስቲ ጨብጥ» አለኝ።

ጨበጥኩ። ማለቴ፣ የጨበጥኩ መስሎኝ ነበር። ዝቅ ብዬ ሳይ ጣቶቼ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመዋል። በጣቶቼ ጫፍና በመዳፌ መካከል የቡና ሲኒ ይገባል። ያበጡ፣ የሚያብለጨልጩ፣ የሌላ ሰው ጣቶች ነው የሚመስሉት። እንደገና አዘዝኳቸው፤ አልሰሙኝም።

«ጣቶችህን አላንቀሳቀስካቸውም እንዴ?»

«ተሰብሬ እንዴት አንቀሳቅሳለሁ ዶክተር?»

ሐኪሙ ራጁን አወረደና ዝም አለ።

ሥራዬ የሞባይል ጥገና ነው። መገናኛ አካባቢ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ከጓደኛዬ ጋር የምንጋራት ጠባብ ሱቅ አለችን። ስክሪን እንቀይራለን፣ የቻርጀር መሰኪያ እንበይዳለን፣ ውኃ የገባበትን ስልክ ፈትተን እናጸዳለን። ይህ ሥራ ጉልበት አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጣት ነው። ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ብሎን በወረንጦ አንስቶ ትክክለኛዋ ቀዳዳ ላይ ማኖር ነው። ረዘም ያለችውን ብሎን በአጭሯ ቦታ ካስገባችሁ ቦርዱን ልትጎዱት ትችላላችሁ። ቀኝ እጄ እንግዲህ እንጀራዬ ነበረች።

አምና ሐምሌ፣ ዝናቡ ሳያባራ በዋለበት ቀን፣ የሕንፃችን ደረጃ ላይ አዳለጠኝ። በግራ እጄ የደንበኛ ስልክ ይዣለሁ። ሰው ሲወድቅ በሁለት እጁ ነው መሬቱን የሚቀበለው፤ እኔ ግን ስልኩን ከፍ አድርጌ በቀኜ ብቻ ተቀበልኩት። ስልኩን አንድም ጭረት አላገኘውም። ደንበኛው እስካሁን «አንተ እኮ ጀግና ነህ» ይለኛል። እኔ ደግሞ እስካሁን ምን ዓይነት ሞኝ ነኝ እላለሁ።

እጄን ሳየው ከአንጓው ከፍ ብሎ ጎብጧል፤ ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ የተደፋ ሹካ ነው የሚመስለው። ለካ ይህ ቅርጽ ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። አብርሃም ኮሊስ የተባለ አየርላንዳዊ ሐኪም ስለዚህ ስብራት የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1814 ነው፤ ራጅ የሚባል ነገር ከመገኘቱ 80 ዓመት ገደማ በፊት መሆኑ ነው። የሚሰበረው በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት፣ ራዲየስ የሚሉት፣ ወደ አንጓው ተጠግቶ ነው። ሰው ሲወድቅ እጁን ስለሚዘረጋ በጣም ከተለመዱት ስብራቶች አንዱ ነው። ኮሊስ በዚያ ዘመን ሆኖም ተስፋ አልነፈገም፤ ውሎ አድሮ እጁ እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል፣ ሕመሙም ይለቃል የሚል ነገር ጽፏል። «ውሎ አድሮ» የምትለዋ ውስጥ ምን ያህል ነገር እንደታጨቀ የገባኝ በራሴ ሲደርስ ነው።

አጎቴ ያንኑ ማታ ወጌሻ ዘንድ ወሰደኝ። ሽማግሌ ናቸው። ሳይጫኑ ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ይሄ ወለምታ አይደለም ልጄ፤ ደቋል። ራጅ ተነሣ» ብለው ሸኙን። አላሹኝም፣ ቀርከሃም አላሰሩብኝ። እግዜር ይስጣቸው። ሁሉም እንደሳቸው አይደለም፤ በቀርከሃ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ፣ ደም መዘዋወር አቅቶት እጁን እስከማጣት የደረሰ ሰው ታሪክ ለአገራችን የአጥንት ሐኪሞች አዲስ ነገር አይደለም።

ቀዶ ጥገናው እንኳ ብዙ የሚወራለት አይደለም። ክንዴን አደነዘዙት፣ በመዳፌ በኩል ከአንጓዬ ከፍ ብለው ከፈቱ፣ አጥንቱን ወደ ቦታው መለሱ፣ ብረቱን አሰሩ። በሁለተኛው ቀን ግማሽ ጀሶ ተደግፎልኝ፣ በፋሻ ተጠቅልዬ፣ መድኃኒትና አንዲት የታጠፈች ወረቀት ይዤ ወጣሁ። ወረቀቷን ልብ በሏት፤ እመለስባታለሁ።

ቤት ስገባ ከበሩ ጀምሮ የሰማሁት ቃል አንድ ነው፦ «አትንካው!» እናቴ፣ አክስቴ፣ ጎረቤት፣ ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ «እንዳታንቀሳቅሰው፣ ብረቱ ይነቀላል» ይላል። እማዬ ብርድ እንዳይገባው ብላ ከጣቶቼ ጫፍ እስከ ክርኔ በነጠላዋ ጠቀለለችልኝ። ፍቅር ነው፤ ምን ይባላል! እያጎረሰች አበላችኝ። በግራ እጅ መብላት እኛ ቤት ነውር ነውና፣ የ27 ዓመት ሰውዬ መሶብ አጠገብ ተቀምጬ አፌን እከፍታለሁ። ሸሚዜን የምትቆልፍልኝ እሷ፣ ጫማዬን የምታስርልኝ እሷ።

ጣቴን ትንሽ ሳነቃንቅ ያመኛል። ሲያመኝ «ይኸው፣ ነግረውኝ ነበር» እልና እተዋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱን ለማስፈታት ጤና ጣቢያ ሄድኩ፤ ቁስሉ ታየ፣ «ንጹሕ ነው» ተባልኩ፣ ወጣሁ። ስለ ጣት ያነሣ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

ስልኬ ራሱ ካደኝ። የሚከፈተው በቀኝ አውራ ጣቴ አሻራ ነበር። ጣቴ አብጦ ቆዳው ሲላላጥ ስልኩ አላውቅህም አለ። ለስንት ሰው ስልክ የከፈትኩ ሰውዬ የራሴን ለመክፈት የይለፍ ቁጥሬን ለማስታወስ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በግራ እጅ አማርኛ መጻፍ ሲያታክተኝ ለሁሉም ሰው በቴሌግራም ድምፅ መላክ ጀመርኩ። ጓደኞቼ «ሬዲዮ ጣቢያው» አሉኝ።

እንዲህ ሆኖ አምስት ሳምንት አለፈ። አጥንቴ ገጠመ፤ እጄ ደግሞ በዚያው ልክ ደረቀ።

እንቁጣጣሽ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ መጀመሪያ ላይ ያወራኋችሁ ቀን፣ ከሐኪሙ ወጥቼ ታክሲ ውስጥ ተቀመጥኩ። ራጁን የያዘው ፖስታ ውስጥ ያቺ የታጠፈች ወረቀት አሁንም አለች። ዘረጋኋት። እንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በሐኪም የእጅ ጽሕፈት። ሦስተኛው መስመር ላይ «አክቲቭ ፊንገር ሮም» ትላለች። ሮም? የጣልያኗ? ጎግል አደረግኩት። «ሬንጅ ኦፍ ሞሽን» ለማለት ነው ለካ። በአማርኛ ሲገለበጥ፦ ጣቶችህን በራስህ ኃይል እስከሚችሉት ድረስ እጠፍ፣ ዘርጋ። ከጎኑ ደግሞ «ከዛሬ ጀምሮ» ይላል፤ ያ ዛሬ ሐምሌ ውስጥ ቀርቷል።

አምስት ሳምንት ሙሉ መድኃኒቱ ፖስታ ውስጥ ነበር።

ማንን ልውቀስ? የዚያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ስንት ሰው ተኝቶ ወረፋ ይጠብቅ እንደነበር አይቻለሁ። ሐኪሙ እጄን አትርፎልኛል፤ ይህን አልክድም። ግን አንድ ዓረፍተ ነገር እኮ ነው። እኔ ስልክ ጠግኜ ስመልስ «ሙጫው እስኪደርቅ እስከ ነገ አትጫነው» እላለሁ፤ በእንግሊዝኛ ጽፌ ሳጥኑ ውስጥ አልከትም። ደግሞም ወረቀቷን አጥፌ ያስቀመጥኳት እኔው ነኝ። ጥያቄ መጠየቅ የድፍረት የሚመስለን ነገር አለ።

ፊዚዮቴራፒስቷ ወጣት ናት፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው የተማረችው። እጄን አይታ አልደነገጠችም፤ ያ ብቻውን ግማሽ መዳን ነበር።

«ጣትህን የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ የት ያለ ይመስልሃል?» አለችኝ።

«ጣቴ ውስጥ።»

«ጣት ውስጥ ጡንቻ የለም» አለችና ክንዴን ከክርኔ ዝቅ ብላ ያዘችው። ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ትልልቆቹ ጡንቻዎች እዚያ ነው ያሉት። ከዚያ እንደ ብስክሌት ፍሬን ሽቦ በጅማት አማካይነት አንጓን አልፈው ጣት ጋ ይደርሳሉ። በመዳፍ በኩል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ብቻ ዘጠኝ ጅማትና አንድ ነርቭ ተጨናንቀው ያልፋሉ። ያ አካባቢ ሲሰበር፣ ሲከፈት፣ ሲያብጥ ፈሳሽ ይሞላል። እጁ ካልተንቀሳቀሰ እብጠቱ ቀስ በቀስ ወደ ጠባሳ ይለወጣል፤ ጅማቱን ከጎረቤቱ ጋር ያጣብቀዋል፣ የጣት መገጣጠሚያዎችም ይደርቃሉ። «ሙጫ ፈስሶብሃል በለው» አለችኝ። የሙጫ ነገር ለእኔ አይነገርም።

እናንተም ሞክሩት። ስልኩን በአንድ እጃችሁ ያዙና የሌላውን እጅ አንጓ ወደ መዳፍ በኩል እስከ መጨረሻው እጠፉት። እንደዚያው እንዳለ ጨብጡ። አይጠብቅም አይደል? አሁን አንጓውን ወደ ላይ ቀና አድርጋችሁ ጨብጡ። አያችሁ? አንጓ ቀና ካላለ ጣት አቅም የለውም። የእኔ አንጓ በመለኪያዋ ስትለካው ወደ ላይ የሚቀናው 15 ዲግሪ ብቻ ነበር፤ ጤነኛ ሰው 70 ገደማ ይደርሳል። ከጭብጤ የጠፋው ሲኒ ለካ ግማሹ ከአንጓ ነው።

የሰጠችኝ ሥራ ትንሽ ነው፤ ችግሩ አያልቅም። ነቅቼ ባለሁበት በየሰዓቱ ጣቶቼን ቀጥ ማድረግ፣ ጫፋቸውን ብቻ እንደ መንጠቆ ማጠፍ፣ እስከቻልኩት መጨበጥ፣ መበተን። ከዚያ አውራ ጣቴን ወደ እያንዳንዱ ጣት ጫፍ ማድረስ፣ በመጨረሻም ወደ ትንሿ ጣት ሥር። አሥር አሥር ጊዜ። ስልኬ ላይ በየሰዓቱ የሚጮህ አላርም ሞላሁ። ሚኒባስ ውስጥ ሲጮህ ተነሥቼ ጣቴን ስዘረጋና ሳጥፍ ከጎኔ ያሉ ሴትዮ ድግምት የምደግም መስሏቸው ቦታ ቀየሩ።

ጠዋትና ማታ ሞቅ ያለ ውኃ ሳፋ ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ጠባሳውን በቫዝሊን አሻለሁ። እብጠቱ እንዲቀንስ ቁጭ ስል እጄን ትራስ ላይ፣ ከልቤ ከፍ አድርጌ አኖራለሁ። አንጓውን ማዞር ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ክርኔን ከጎኔ አጣብቄ ስልኬን እይዝና ስክሪኑ ወደ ጣሪያ እንዲያይ አዞራለሁ፣ ከዚያ ወደ ወለል። መጀመሪያ ላይ ስክሪኑ ግድግዳውን ብቻ ነበር የሚያየው። ክርን ከጎን ከለቀቀ ትከሻ ይሰርቅላችኋል፤ የዞረ ይመስላችኋል እንጂ አልዞረም።

ስለ ሕመም የነገረችኝ ቀላል ነው። ስትሠራ መወጠርና ትንሽ ሕመም ይኖራል፤ ቶሎ ከበረደ ደህና ነው። በማግስቱ እብጠቱ ጨምሮ ከተነሣህ አብዝተሃል፣ ቀንስ። ማንም ሰው፣ ያ ጡንቸኛ ጓደኛህም ቢሆን፣ እንዲጠመዝዝልህ አትፍቀድ። ወደ ሐኪም ሩጥ ያለችኝ ነገሮችም አሉ፦ የሚያቃጥል ከልክ ያለፈ ሕመም ከእጅ መልክ መቀያየር ጋር ሲመጣ፣ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሐል ጣት ሲደነዝዙ፣ ቁስሉ ሲያመግል ወይም ትኩሳት ሲኖር። ደግሞ ትናንት ቀና ይል የነበረ አውራ ጣት ዛሬ በድንገት ቀና አልል ካለ፤ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል።

አንድ ቀን ተስፋ ቆርጬ ሳወራት ስለ አለርት አነሣችልኝ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው ለሥጋ ደዌ ሕክምናና ሥልጠና ነው። በሽታው ነርቭ ጎድቶ ጣታቸው እንደ ጥፍር ለታጠፈባቸው ሰዎች ጅማት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ እያዛወሩ ቀዶ ጥገና ይሠራሉ። የተዛወረ ጅማት አዲሱን ሥራውን አያውቅም፤ ባለቤቱ ነው በልምምድ የሚያስተምረው። «አንተ የራስህ ጅማት ከነሥራው ነው ያለህ፤ ረስቶት ነው እንጂ» አለችኝ። አፈርኩ።

ሆኖም ጥቅምት ላይ ወደቅኩ። ከደረጃ አይደለም። እጄ ትንሽ ሲፈታ «በቃ ድኛለሁ» ብዬ ሱቅ ገባሁ። ቀላል ሥራ ነበር፣ ባትሪ መቀየር። ካቻቪቴው በጣቶቼ መካከል ይሽከረከራል እንጂ ብሎኑን አይዞርም። በወረንጦ አንዷን ብሎን አነሣሁ፤ ጣለችኝ፤ እንደገና አነሣሁ፤ ምንጣፉ ላይ ጠፋች። የስልኩ ባለቤት ልጅ ዓይኗን ከእጄ ላይ አላነሣችም። ጓደኛዬ ምንም ሳይናገር ስልኩን ቀስ አድርጎ ወደ እሱ ሳበው። ምንም አለመናገሩ ነው የገደለኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ የሱቁን ኪራይ ብቻውን ሲከፍል ነበር፤ ይህንንም አንድ ቀን አላነሣብኝም።

ወጣሁና ያዳለጠኝ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው ብቸኛ ሥራ ይህ ነው። ምን ልሠራ ነው? የስልክ ካርድ ልሽጥ? ለእማዬ ምን እላታለሁ? ዝናቡ አልፎ ስለነበር ደረጃው ደርቋል። እዚያ ተቀምጬ አላርሜ ጮኸ። ለመጀመሪያ ጊዜ አጠፋሁት።

የመለሰኝ ምስር ነው። ኅዳር ላይ ጾም ገብቶ እማዬ በረንዳ ላይ በሰፌድ ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ጠጠር ሳይ እጄን ሰደድኩ። ጣለኝ። እንደገና። እማዬ «ተው አትንካ» ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ሰፌዱን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቤቱ ምስር ሁሉ የእኔ ሆነ። ጠጠር የሌለው ምስር ሲያጋጥመኝ እማዬ ራሷ ጠጠር እየጨመረችበት እንደነበር የነገረችኝ እህቴ ናት። ፊዚዮቴራፒስቷ ስሰማት ሳቀች፤ «እኔ ልሰጥህ ካሰብኩት የተሻለ ነው» አለች። ቀጥሎ የተጠመቀ ፎጣ መጭመቅ፣ መዶሻ እጀታውን ይዞ ቀስ እያሉ ግራና ቀኝ ማጋደል መጣ፤ አጥንቱ መጠንከሩ በራጅ ከታየ በኋላ ነው ታዲያ፣ እንዳትሳሳቱ።

በየእሁዱ በግራ እጄ የቀኙን ፎቶ አነሣ ነበር፤ ተዘርግቶ አንድ፣ ተጨብጦ አንድ። በቀን በቀን ለውጥ አይታይም፤ ሰው ያብዳል። የመስከረምን ከኅዳር ጋር ጎን ለጎን ሳደርገው ግን ሲኒዋ ወደ ጣት ውፍረት ወርዳለች።

ለውጡ ራሱ የመጣው በማይረባ ነገር ነው። አንድ ቀን የታክሲ ረዳት መልስ ሲሰጠኝ መዳፌን ዘርግቼ ተቀበልኩ። ሁለት ወር ሙሉ መዳፌ አልዞር ብሎ ሳንቲሙ መሬት ይበተን ነበር። ረዳቱን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝም። ሌላ ቀን አንድ ሰው ሊጨብጠኝ እጁን ሲዘረጋ እንደለመድኩት ክርኔን አልሰጠሁትም።

የገና ዕለት ደግሞ ዶሮው ቀረበ። እጄን ታጠብኩ፣ እንጀራውን በቀኜ ቆረስኩ፣ ጠቀለልኩ፣ እማዬን አጎረስኳት። ጉርሻው ትንሽ ተበተነ። እሷም ዋጠችና «ጨው አነሰው መሰለኝ» ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ቆይታ ነው የወጣችው።

የካቲት ላይ ሱቅ ተመለስኩ። አሁን ግንቦት ነው፤ አንጓዬ ወደ ላይ 55 ዲግሪ ይቀናል። ሲመሽ ይደክመኛል፣ ደመና ሲመጣ ያመኛል። ፑሽ አፕ አልሠራም። መዳፌ ሙሉ በሙሉ ወደ ላይ አይዞርም፤ ትንሽ ይጎድላታል፣ ምናልባትም እንደጎደለች ትቀራለች። እነዚያ አምስት ሳምንታት ባይባክኑ ኖሮ ትሞላ እንደነበር የሚነግረኝ ራጅ የለም። ብሎን ግን አነሣለሁ። ለጓደኛዬ የኪራዩን እዳ እየከፈልኩ ነው፤ አልቀበልም ይላል፣ በቴሌብር እልክበታለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከእናቷ ጋር ሱቃችን መጣች። ስክሪኑ የረገፈ ስልክ ይዛለች። ግራ እጇ አንገቷ ላይ ታስሯል፣ እስከ ጣቷ ጫፍ በነጠላ ተጠቅልሏል።

«ስልኩም እጅሽም አንድ ላይ ነው የወደቁት?» አልኳት። ሳቀች። ብረት ገብቶላታል፤ 11 ቀኗ ነው።

«ሲያስወጡሽ ወረቀት ሰጥተውሽ ነበር?»

እናትየው ተቆጡ። «አንተ ሐኪም ነህ?»

«አይ እማማ፣ ስልክ ጠጋኝ ነኝ። ሐኪሙ የጻፈውን ላንብብላችሁ ብዬ ነው።»

ልጅቷ ቦርሳዋን በአንድ እጇ ፈልፍላ አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት አወጣች። እዚያው መሥሪያ መብራቱ ሥር ዘረጋኋት። አራተኛው መስመር ላይ ነበረች፤ ሮም። በአማርኛ አነበብኩላቸው፣ ያልገባቸውን ደግሞ ነገ ደውለው ሐኪሙን እንዲጠይቁ ነገርኳቸው። እናትየው ወረቀቷን ተቀብለው የማያነቡትን ጽሑፍ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ነጠላውን ከልጃቸው ጣቶች ላይ ቀስ እያሉ ይፈቱት ጀመር።